ሦስት ብልቃጥ ከአንድ ሆድ

አናጢው «ሶፋ ሠሪ» ይባል እንጂ አንድ ሶፋ ከዳር እስከ ዳር ሠርቶ አያውቅም። እሱ የሚሠራው ገዢው የማያየውን ነው፤ ስፖንጅና ጨርቅ ከመልበሱ በፊት የሚቆመውን የእንጨት አፅም። ሰፊዋ ጨርቁን ቆርጣ ትሰፋለች፣ ቫርኒሽ ቀቢው እግሩንና እጀታውን ያሳምራል፣ ዕቃው ተጠናቆ በሩ ላይ ሲቀመጥ የማን ሥራ እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። ይህ ልማድ ከሥራው አልፎ ኑሯቸው ውስጥ ገብቷል። ሰፊዋ የሦስቱንም የተበጠሰ ቁልፍ ትተክላለች። ቫርኒሽ ቀቢው ምላሱ ስለሚፈታ ከደንበኛ ጋር የሚደረገውን ጭቅጭቅ ለሦስቱም ይጨቃጨቃል። ወረፋ ያለበት፣ ሸክም ያለበት፣ ፀሐይ የሚመታው ነገር ሁሉ የአናጢው ድርሻ ነው።

በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ሰፈሩም ሥራ ቤቱም «አለሁ ባይ» ይለዋል። የጎረቤት በር አልዘጋ ካለ እሁድ ጠዋት መላጊያውን በብብቱ ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ደም የሚሰበስቡ ሰዎች መጥተው ቫርኒሽ ቀቢው መርፌውን ሲያይ ላብ አጠመቀው። አናጢው የራሱን ከሰጠ በኋላ ሌላኛውን ክንዱን ዘርግቶ «የእሱንም ከእኔ ውሰዱ» አለ። አይሆንም ሲሉት ቅር ብሎት ነው የተነሣው። ሚስቱ ዳቦ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ዱቄት ከቅንድቧ የማይጠፋ ሴት ናት፤ «አንተን ያገባሁህ ለብቻዬ መስሎኝ ነበር» ትለዋለች።

ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል። ትከሻው አሁንም ጣውላ ይችላል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ አይጠፋም፣ ከሁሉም በላይ ግን የሚኮራው በሆዱ ነው። «የእኔ ሆድ ሚስማር ቢገባበት ብሎን ሆኖ ይወጣል» ይላል። ሌላው ሰው አሞኝ ነበር ሲል እሱ ሆዱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ይስቃል።

እንግዲህ ነርሷ ሳጥኗን ይዛ ወደ ሥራ ቤቱ የገባች ዕለት ነው ጉዱ የጀመረው። ከጤና ጣቢያ ነው የመጣችው፤ ልጅ እግር ናት፣ ድምጿ ግን የአስተማሪ ነው። አለቃው ሥራ አስቁሞ ሁሉንም በተቆለሉት ጣውላዎች ዙሪያ ሰበሰባቸው። ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ነገረቻቸው። ሳያምም እንደሚጀምር፣ ቀድሞ ከተገኘ እንደሚድን፣ በዓይን የማይታይ ደም ሰገራ ውስጥ ካለ ምርመራው እንደሚያሳይ አስረዳቻቸው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ክዳኑ ላይ ቀጭን ዘንግ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠቻቸው።

«በዘንጉ ሰገራውን ነካ ነካ አድርጋችሁ መልሳችሁ መክደን ብቻ ነው» አለች።

ቫርኒሽ ቀቢው ብልቃጡን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «ሲስተር፣ ዕድሜ ልኬን ከእሱ ስሸሽ ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ በብልቃጥ ይዘኸው ና ትይኛለሽ?»

ሥራ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ነርሷም ሳቀች፤ ይህን ቀልድ በየሄደችበት ስለምትሰማው ሳቋ የለመደ ሳቅ ነበር። ያልሳቀችው ሰፊዋ ብቻ ናት። «እኔ ምንም አላመመኝም» አለች ብልቃጡን ሳትነካው፣ «ያላመመኝን በሽታ ምን ብዬ ልፈልግ?»

«ለዚያ ነው እኮ እትዬ፣ ሳያምም ነው የሚፈለገው» አለች ነርሷ። ሰፊዋ ብልቃጡን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልላ ያዘችው። አለቃው ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ የራሱን ቀድሞ ሰጥቶ ስለነበር ደረቱን ነፍቷል፤ «ከእኔ ቤት አንዲት ብልቃጥ ባዶዋን ብትመለስ የማፍረው እኔ ነኝ» ብሎ ነገሩን የክብር ጉዳይ አደረገው።

ብልቃጦቹ የሚሰበሰቡበት ቀን ሲቃረብ ቫርኒሽ ቀቢው ምሳ ላይ መለማመጥ ጀመረ። ሞክሮ እንደነበረ፣ እንዳቅለሸለሸው፣ ዘንጉን ሲያየው እጁ አልታዘዝ እንዳለው ተረከ። ሰፊዋም ዝግ ባለ ድምፅ «እኔም አልችልም» አለች። አናጢው አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። ሰው ሲጨነቅ ማየት አይሆንለትም።

«ምን ችግር አለው፣ አምጡት» አለ።

«ምኑን?»

«ብልቃጣችሁን ነዋ! ምሳችንን ከአንድ ሳህን አይደል የምንበላው? የገባው አንድ ከሆነ የሚወጣው ምን ይለያል?»

ሁለቱም አሰቡበት። እንዲህ ያለ ስሌት ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ራስ በቀር ከየትም አይወጣም፤ ለእነሱ ግን እግሩን ማን ቀባው፣ ጨርቁን ማን ሰፋው ከማለት የተለየ አልነበረም። ብልቃጦቹ ከአፍታ በኋላ በአናጢው የሥራ ኮት ኪስ ውስጥ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ ገብቶ ሲቆይ ሚስቱ በሩን ደበደበች። «ምን ሆነህ ነው? ገብተህ ቀረህ እኮ!»

«ሥራ ላይ ነኝ!» አለ ከውስጥ። እውነቱን ነው፤ የሦስት ሰው ሥራ ላይ ነበር። ሲወጣም ደስ ብሎት ነበር የወጣው።

ሳምንታት አለፉ፣ ነገሩም ተረሳ። አንድ ከሰዓት በኋላ አናጢው የወንበር መደገፊያ እየላገ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ናት።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ስለ ምርመራው ነበር። በሰጡት ናሙና ውስጥ ደም ተገኝቷል። ደም ተገኘ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ግን በካሜራ መታየት አለብዎት። ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ።»

«እሺ» አለ። ሌላም ነገር ተናገረች፤ እሱ ግን «እሺ» ከማለት በቀር ምን እንደመለሰ አያስታውስም። ስልኩን ኪሱ ከቶ መላጊያውን አነሣና ቆመ። እንጨቱ ላይ ያለው ፍቅፋቂ እንደተንከባለለ ቀርቷል።

ያን ጊዜ የቫርኒሽ ቀቢው ስልክ ጮኸ። «አቤት ሲስተር» ሲል አናጢው ሰማው። የሰውየው ፊት ሲገረጣ አየ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሲፈካ አየ። ስልኩ እንደተዘጋ ቫርኒሽ ቀቢው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኡፍ! ክው ብዬ ነበር እኮ! ለካ የእኔ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው የማን እንደሆነ ትዝ ሲለው በቫርኒሽ የተበከለ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አናጢው ያንን ደስታ አየው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማንም ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚሆነው። ቢሆንም ፊቱን ወደ እንጨቱ አዞረ።

የስፌት መኪናው ቆመ። ሰፊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች። «ገባኝ» ብቻ ነው ያለችው። ዘግታም ከቦታዋ አልተነሣችም፣ እንደ ቫርኒሽ ቀቢውም አልተነፈሰችም፤ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ ቁጭ አለች። አናጢው ለእሱ ያዘነች መሰለውና ሆዱ ባባ።

ሦስት ስልክ፣ አንድ ሆድ። መዳፉን ሆዱ ላይ አደረገ፤ ሊመታው ግን አልደፈረም።

ቫርኒሽ ቀቢው ወደ አናጢው ተጠጋ። «ቆይ ቆይ ቆይ!» አለ። «የሦስታችንም? ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ? ማሽኑ ነው የተበላሸው! በእናትህ አስበው!» የሚያጽናናበት ነገር አጥቶ ያመጣው ሐሳብ ነበር፤ ሦስቱም ከአንድ ሰው የወጡ መሆናቸውን ራሱ ረስቶታል። አናጢውም ሊያስታውሰው አልፈለገም። ማሽኑ ነው። በቃ ማሽኑ ነው። ይህችን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለሚስቱም ምንም ሳይተነፍስ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ።

ሆዱ ግን አልፈጀውም። አባቱም አናጢ ነበር፤ ከሞተ ዘመን አልፎታል፣ «የሆድ በሽታ» ነው የተባለው፣ ከዚያ በላይ የጠየቀ የለም። አባቱ በመጨረሻው ጊዜ ሱሪው አልቆም እያለው ቀበቶውን በሚስማር እየበሳ ያጠብቅ እንደነበር ትዝ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሱን ቀበቶ ጠዋት ጠዋት ይፈትሽ ጀመር። ከሳሁ እንዴ? ትናንት በዚህ ቀዳዳ ነበር ያሰርኩት ወይስ በዚያኛው? መጸዳጃ ቤት ሲገባ ማየት ይፈራል፣ ሳያይ መውጣትም ይፈራል። ሆዱ በረሃብ ሲያጉረመርም ቀልቡ ይገፈፋል። ለዘመናት ያላሰበበት ዕቃ በአንድ ስልክ ጠላት ሆነበት። በዚህ ላይ ቫርኒሽ ቀቢው ስለ ካሜራው ከየሻይ ቤቱ የለቀመውን ወሬ ያመጣለታል፤ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ርዝመቱ ስንት ክንድ እንደሆነ፣ የአንድ ሰው አጎት ከተደረገለት በኋላ እንደ ድሮው ሰው ፊት ቀና ብሎ መሄድ እንዳቃተው። አናጢው በፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ተጨመረበት። ያንን ካሜራ የሚያዩ ወጣት ሐኪሞች ሲስቁ ይታየዋል። ቀጠሮ የተያዘለትን ቀን ሥራ በዛብኝ ብሎ ዘለለው።

ነርሷ ግን የምትለቅ ዓይነት አልነበረችም። አንድ ጠዋት ራሷ መጣች፤ ፊቷ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም ይታያል። የቫርኒሹን ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ እያነሣች አሸተተች፣ ኮላውን አየች፣ መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ ጠየቀች። አለቃው ከኋላ ከኋላዋ ይሄዳል።

«ከዚህ ቤት ናሙና ከሰጡት ውስጥ ሦስት ሰዎች ደም ተገኘባቸው» አለች። «አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ይህ ዝም የሚባል አይደለም። የሥራ ቦታ የሚመረምሩ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ይሄ ክፍል መዘጋት ያለበት ይመስለኛል።»

አለቃው በዓይኑ ያላለቁትን ሶፋዎች ቆጠረ። ቫርኒሽ ቀቢው ጫማውን ያያል። ሰፊዋ ጨርቅ ታጥፋለች፣ የታጠፈውን ትፈታለች፣ እንደገና ታጥፋለች። አናጢው ሁሉም እሱን ሳያዩ እሱን እየጠበቁ እንደሆነ ገባው።

«ሲስተር» አለ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ውጭ ላነጋግርሽ።»

ከጣውላው ክምር ጀርባ ወሰዳትና ነገሩን ሁሉ አወጣላት። ስለ ምሳው፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ጠዋቱ ሥራ ሳይቀር። ነርሷ መጀመሪያ አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነው። ሳቁ ሲያልፍላት ግን ዓይኗ ተቆጣ።

«ጋሼ፣ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው ምንም የሚያውቁት ነገር የለም ማለት እኮ ነው! የሁለቱን ቀጠሮ መሰረዝ አለብኝ፣ አዲስ ብልቃጥ መስጠት አለብኝ። እርስዎ ለእነሱ ደግ የሠሩ መሰለዎት?»

አናጢው አንገቱን ደፋ። ሆኖም የመጣበት ጉዳይ አልወጣለትም ነበርና እንደምንም ብሎ ጠየቃት። «ሲስተር፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ሦስቱም ላይ ደም አለ ሲል… ይሄ የማሽን ስሕተት አይመስልሽም?»

ነርሷ ቁጣዋ በረደ። ይህንን ሲጠይቅ ድምፁ ምን ያህል እንደቀጠነ ሰምታዋለች።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የሦስት ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ማሽኑን እጠረጥር ነበር። የአንድ ሰው ከሆነ ግን ማሽኑ ሦስት ጊዜ ያንኑ ነው የነገረን።»

አናጢው ጣውላው ላይ ተቀመጠ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተንጠለጠለባት ክር ተበጠሰች። ሞትን እስከዚያ ቀን በሌላ ሰው ቤት ነበር የሚያውቀው፤ አሁን የእሱን አድራሻ ጠይቆ የመጣ መሰለው።

«አዲስ ቀጠሮ እይዝልዎታለሁ፤ ከቤት ሰው ይዘው ይምጡ» አለችው ስትሄድ። «የሚያስተኛ መድኃኒት ስለሚሰጥዎት ብቻዎን መመለስ አይችሉም።»

ስለዚህ ለሚስቱ መንገር ግድ ሆነ። ከዳቦ ቤት ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ ነገራት።  እስኪጨርስ ድረስ አንዱ ጫማ በእጇ ነበር።

«ቫርኒሽ ቀቢው ያውቃል?» አለች።

«ያውቃል።»

«ሰፊዋስ?»

«እሷም…»

«እኔ ግን አላውቅም!» ጫማውን ወለሉ ላይ ወረወረችው። «ስንት ቀን ነው ምን ሆነሃል እያልኩ የለመንኩህ? ደከመኝ ነው ያልከኝ! ለጎረቤት በር፣ ለሥራ ቤት ጣውላ፣ ለሰው ሰገራ ሳይቀር ደርሰህ፣ ለእኔ እውነት መናገር ከበደህ?» ብላ አለቀሰች። ሊያባብላት ሲጠጋ ገፋችው፣ ገፍታውም መልሳ ሸሚዙን ያዘችው።

ከምርመራው በፊት ያለውን ቀን አናጢው እስከ ዛሬ ሲያወራው ሰውን በሳቅ ይገድላል፤ ያን ዕለት ግን አልሳቀም። አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት በብርጭቆ ብርጭቆ ጠጣ፣ ከዚያም መጸዳጃ ቤት ገብቶ ኗሪ ሆነ። ሚስቱ ፈቃድ ወስዳ ነበር። በርጩማ አምጥታ ከበሩ ውጭ ተቀመጠች፤ አንዳንዴ ታሾፍበታለች።

«የእኔ ጌታ፣ አሁንም ሥራ ላይ ነህ?»

«ተይኝ እስቲ።»

ቆየና በሩ እንደተዘጋ «አባቴ እንደዚህ ነው የጀመረው» አለ ከውስጥ። «ማንም አላየለትም። ማን በየት በኩል ይየው? እሱም ቢሆን አያሳይም ነበር።»

ሚስቱ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። «እኔ እዚሁ ነኝ» አለችው። ሁለቱም ፈርተው ነበር፤ በበሩ ግራና ቀኝ ሆነው አንድ ዓይነት ፍርሃት ይፈሩ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከኋላው ክፍት የሆነ ቀሚስ አለበሱት። አናጢው ረጅሙን መተላለፊያ የቀሚሱን ኋላ በእጁ ጨምድዶ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ ሄደ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ ይህን ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ምንም አልቀረውም። እሷ ግን የሰውየውን ፊት እንጂ ሌላ ነገር የምታይ አትመስልም ነበር፤ ስለ ሥራው ጠየቀችው፣ የትኛው እንጨት ለሶፋ እንደሚሻል ጠየቀችው፤ እሱም ሊያስረዳት አፉን ከፈተ።

ሲነቃ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለ።

«ጨርሰናል» አለችው። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ሚስቱንም አስጠራቻት። ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ልብ ይሰቀላል። ትልቁ አንጀት ውስጥ የበቀሉ እባጮች እንዳገኘች፣ እዚያው ቆርጣ እንዳወጣቻቸው ነገረቻቸው። «አንደኛው ግን ትልቅ ነው፣ መልኩም አላማረኝም። ወደ ላቦራቶሪ ልኬዋለሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ታገሡኝ» አለች።

ታገሡኝ ማለት ቀላል ነው። አናጢው እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፋቸው የሚያውቁት ሚስቱና መዶሻው ናቸው። ሚስማር ያጣምማል፣ የለካውን ይረሳል፣ የአንድ ሶፋ እግር አሳጥሮ ቆርጦ ሌላ መቁረጥ ነበረበት። ስልክ ሲጮህ የማንም ይሁን የማን ከተቀመጠበት ይነሣል። ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ሁሉ «አይዞህ» የሚል ይመስለዋል፤ ማንም ሳይለው ሲቀር ደግሞ ደብቀውኝ ነው ይላል። ልሞት ነው ብሎ ያስባል፣ ከዚያ ገና ያልጠገነውን የቤቱን ጣሪያ ያስባል፣ ከዚያ እንደገና ልሞት ነው ብሎ ያስባል።

ውጤቱ መጣ። ሐኪሟ ፊት ሁለቱም ቁጭ ሲሉ ሚስቱ የሸሚዙን እጅጌ ይዛ ነበር። እባጩ መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ ካንሰር ግን ገና አልሆነም። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ መታየት እንጂ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር የለም።

«ትንሽ ብቆይ ኖሮስ?» አለ አናጢው።

«መቆየትዎን ይተዉትና መምጣትዎን ያስቡ» አለች ሐኪሟ። መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ ሚስቱም እያለቀሰች ትከሻውን በቡጢ መታችው።

በማግስቱ ሥራ ቤቱ ሰርግ መሰለ። አለቃው አቀፈው። ቫርኒሽ ቀቢው የራሱን ብልቃጥ በራሱ እጅ ሞልቶ፣ ምንም እንዳልተገኘበት ተነግሮት ነበርና ይህንኑ እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ያውጃል። «አፍንጫዬን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ግን እኔው ራሴ!» እያለ ለደንበኛ ሁሉ ሲናገር አንዲት ሴት የመረጠችውን ሶፋ ትታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቫርኒሽ ቀቢው ዕቃ ሊያደርስ ሄደ። አናጢው አፅም ያቆማል፣ ከወዲያ የስፌት መኪናው ይሰማል። ድምፁ ቆመ።

«ወንድሜ» አለች ሰፊዋ፣ «እስቲ ና።»

ሄደ። የመኪናዋን መሳቢያ ከፍታ ከክሮቹና ከመርፌዎቹ መሐል ብልቃጥ አወጣች። ነርሷ የሰጠቻት አዲሱ ነው፤ ባዶ ነው። አናጢው ይህን ሁሉ ጊዜ እሷም እንደ ቫርኒሽ ቀቢው የሰጠች መስሎት ነበር። ለካ በራሱ ጭንቀት ተይዞ አልጠየቃትም።

«ነርሷ በየቀኑ እየደወለች አላስቀምጥ አለችኝ» አለች ሰፊዋ። ቀና ብላ አታየውም። «አንተ አሁን ድነሃል አይደል? የአንተ ንጹሕ ነው። ሙላልኝና ይተዉኝ።»

«እህቴ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።»

«አንቺን የሚያስፈራሽ ምንድን ነው? እኔ እንኳ ተወጣሁት። አያምም። ተኝተሽ ነው የሚያልቀው። ምናልባትም ካሜራ ላይ አትደርሺም፤ ምንም ላይገኝብሽ…»

«ይገኝብኛል» አለችው።

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ስልኩ የጮኸ ዕለት የነበራት ፊት ነው።

«ካየሁት ዓመት አልፎታል» አለች። «በዓይኔ የማየው ደም ነው፤ ያንተ ዓይነት የተደበቀ አይደለም። ኪንታሮት ነው እያልኩ ቆየሁ። ያን ዕለት ብልቃጡን የሰጠሁህ አፍሬ መሰለህ? ደወለችልኝና ደም አለ ስትለኝ፣ የአንተ መሆኑን እያወቅሁ የእኔን የነገረችኝ ነው የመሰለኝ። ቀጠሮ ሰጠችኝ። በቃ ልሄድ ነው ብዬ ልቤ ቆርጦ ነበር። ከዚያ አንተ እውነቱን ስትነግራት ቀጠሮዬን ሰረዘችው። እኔም ደስ አለኝ። አየህ? ደስ አለኝ።»

አናጢው ቁጣ መጣበት፣ በማን ላይ እንደሆነ አላወቀም። እሱ ብልቃጧን ባይሞላላት ኖሮ ያኔ እውነቱ ይወጣ ነበር። ለነርሷ ሲናገርም ስለ ራሱ ሆድ እንጂ ስለ እሷ አላሰበም። ሁለት ጊዜ አጠገቧ ደርሶ ሁለት ጊዜም አላያትም።

ብልቃጡን ከእጇ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ መለሰና ዘጋው።

«ይሄ ላንቺ አያስፈልግሽም» አለ። «በዓይን የሚታይ ደም በብልቃጥ አይጠየቅም። ተነሺ፣ ወደ ነርሷ እንሂድ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«ትልቅ ነገር ቢሆንስ?» አለች፤ ድምጿ የሕፃን ልጅ ነበር።

አናጢው ሊዋሽላት አፉን ከፈተ። ምንም አይደለም፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ፣ ታያለሽ ሊላት ነበር። አልሆነለትም። «እኔም አላውቅም» አላት።

ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መደበኛውን አጠለቀች፤ ማሰሪያውን ጎንበስ ብሎ እሱ አሠረላት። ለአለቃው ምንም ሳይናገሩ ወጡ። መንገዱ ላይ እሷ ትንሽ ቀደም ብላ ትራመድ ነበር። አናጢው ከኋላዋ ሆኖ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ምን ያህል እንደሰፋት አየ፤ ዕለት በዕለት አጠገቡ ተቀምጣ ስትሰፋ አላስተዋለውም ነበር። ለራሱ ከፈራው ሁሉ የበለጠ ፈራ። ከዚያ እርምጃውን አፍጥኖ ደረሰባት።